ሳላይ የፈረምኩበት ቤት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ቤታችንን ልታይ ትመጣለች። ሊዲያ ሥራ የጨረሱና ባለቤት ያጡ ውሾችን ለሰው በሚሰጠው ማኅበራችን ውስጥ በእኔ ቦታ የተተካች ሴት ናት፤ እንጀራዋ ግን ነርስነት ነው፣ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ትሠራለች። የምትመጣው ቶቫ የምትባል የሦስት ዓመት ውሻ ለእኔ ትሰጥ ወይስ አትሰጥ የሚለውን ለመወሰን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ አሁን የእኔ በር ሊንኳኳ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ ሆነሃል እያለች ትስቅብኛለች። ተረጋግቼ መቀመጥ ስላቃተኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምንኖረው ስዊድን አገር፣ ሪንከቢ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጨረሻው ውሻዬ በበረዶው ወራት አርጅቶ ሞተ። አሁንም ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ግን የሚያስወጣኝ የለም። ቶቫ ለጥበቃ ሥራ ሠልጥና የሚያንሸራትት ወለል ስለምትፈራ የተመለሰች ውሻ ናት። ሌላው ሁሉ ሞልቶላታል። ማቆያው ውስጥ ካየኋት ጀምሮ ልቤ እሷ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ውሻ እየወደድኩ አላደግኩም። ደሴ ቤታችን ውሻ ነበረን፤ ቦታው ግን በር ላይ ነው፣ ትራፊ ይጣልለታል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል። እጄን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፌ አላውቅም። ስደቱ፣ ሱዳን፣ ከዚያም እዚህ የገባሁበት ታሪክ የብዙ ሰው ታሪክ ስለሆነ ልዝለለው። በአራተኛው ዓመት ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር የመጋዘን ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃችን ሌናርት የሚባል ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጠርቶ ከውሻ ጋር የሚሠራ ሰው እንደጎደለው፣ ትንሽ የደሞዝ ጭማሪም እንዳለው ነገረኝ። ጭማሪውን ሰምቼ እሺ አልኩ፤ ውሻውን ገና አላየሁትም።

ፕሪንስ ይባላል፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጥቁር የጀርመን ሼፐርድ። በመጀመሪያው ቀን ሱሪ በሱሪ ላይ ደርቤ ሄድኩ። ቢነክሰኝ የላይኛው ይቀደዳል እንጂ ሥጋዬ ጋ አይደርስም ብዬ ነው። ፕሪንስ ጠጋ ብሎ አሸተተኝና ፊቱን አዙሮ ተኛ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተንቄ አላውቅም።

ሌናርት ነገሩ እንዳልሆነ ሲያይ ከከተማ ወጣ ብላ ውሾች ወደምታሠለጥን ማይብሪት ወደምትባል ሴት ላከኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያለች ሴት ናት። ገና እንዳየችኝ ውሻ ትፈራለህ ወይ አለችኝ። አልፈራም አልኳት። እንግዲያው ላስተምርህ አልችልም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ግማሽ ሰዓት ያህል አጥሩ ሥር ቆሜ ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁና ሄጄ እፈራለሁ አልኳት። ያኔ የገመዱን ጫፍ ሰጠችኝ።

ከዚህች ሴት ጋር እስክትሞት ድረስ ሠርቻለሁ። አዲስ ውሻ ሲመጣ ባልዲ ደፍታ ከፊቱ ትቀመጥና ጎኗን ሰጥታው ጋዜጣ ታነባለች። አትጠራውም፣ አታየውም። ውሻው መጀመሪያ ያዛጋል፣ ቆይቶ ሰውነቱን ያራግፋል፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል። ያችን ትንፋሽ ከሰማች በኋላ ነው ከኪሷ የደረቀ ጉበት አውጥታ መሬት ላይ የምታኖረው። የመብል ሳህኖቹን ሌላ ሰው እንዲያጥብ አትፈቅድም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደከፋው የምታውቀው ከሳህኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን የአሮጊት አመል ነበር የምለው። አሁን እኔም ሳህን አላስነካም።

መጋዘን ውስጥ ሰው መፈለግንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። በር ከፍቶ መሮጥ የለም፣ አየሩ እስኪረጋ ይጠበቃል። ቀዝቃዛው አየር ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ የሞቀው ወደ ጣራ ይወጣል፣ የሰው ጠረንም አብሮት ይጓዛል። መደርደሪያ ላይ የወጣ ሰው ጠረኑ የሚወርደው ከእሱ ሥር ላይሆን ይችላል፤ ጣራውን ተከትሎ ሄዶ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ያርፋል። አንድ ቅዳሜ ቀን ፕሪንስ ባዶ ጥግ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ሦስት ጊዜ ጎትቼ አስለቀቅኩት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። መጮህ ሲጀምር ተናድጄ ልቆጣው ስል ቀና አልኩ። ከወዲያኛው መደርደሪያ አናት ላይ የሰው ጫማ አየሁ። ሌባ አልነበረም። ዕቃ ሲቆጥር ልቡ ያመመው ሠራተኛ ነበር፣ ድምፅ ማውጣት አቅቶት ተጋድሟል። ሰውየው ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ ሲናገር አላቋርጥም።

ስለ ውድድሩም ላንሳ፣ ጥሩወርቅ እሱን ካልጻፍክ ምኑን ጻፍከው ስላለችኝ ነው። ማይብሪት፣ ኤባ የምትባል ቆንጆ ውሻዋን በውሾች ትርኢት ላይ እንዳቀርብላት ጠየቀችኝ፣ እሷ መሮጥ አቅቷት ነበር። የሠርጌን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ። ዳኛው የኤባን ትከሻ ዳበሰ፣ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፣ ከዚያ ዙሩ አለን። ሌሎቹ የስፖርት ጫማ አድርገዋል፣ እኔ በቆዳ ጫማ ሳሩ ላይ እየተንሸራተትኩ ሦስተኛ ወጣን። ሪባኑን ጥሩወርቅ ማድ ቤት ሰቀለችው፤ ውሻ ግን የማድ ቤቱን ደፍ እንዳያልፍ አዋጁ እንደጸና ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየትርኢቱ ስዞር ኖርኩ። ያገር ሰው "አመል ያወጣል ከመሐል" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የተለየ ልብስ በተለየ ቁም ሣጥን አስቀምጣለሁ፣ ከሄድኩም ሰውነቴን እስኪላጥ ታጥቤ ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዷ እናት ከአጠገቤ ስትቆም ነጠላዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ያደግኩት እንደሷ ነው።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

ማይብሪት ከሥልጠናው ጎን ለጎን ሥራ ለጨረሱ ውሾች ቤት ትፈልግ ነበር፣ እኔም እረፍቴን ለዚያ እሰጣለሁ። ደንቧ ቤቱን ሳታይ ውሻ አትስጥ የሚል ነው። እኛ ሁላችን በስዊድንኛው ሄምቤሶክ የምንለው የቤት ጉብኝት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ውሻው የት ያድራል? ቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? አንተ አልጋ ላይ ወድቀህ ውጭ ዝናብ ሲወርድ ማን ያወጣዋል? በመጨረሻም ጎብኚው መጸዳጃ ቤት ያስፈቅዳል። ሰው ሳሎኑን ለእንግዳ ያሰናዳል፤ መታጠቢያውን ይረሳዋል። ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጋሼ ኃይሉ እዚህ ከተማ ለእኔ አባት ነበሩ። ስመጣ ያሳደሩኝ እሳቸው፣ ጥሩወርቅን ስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። ሪንከቢ ሱቅ፣ ዮርድብሩ ደግሞ አጥር ያለው የዕቃ ማከማቻ ነበራቸው። ማከማቻቸው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ስለነበር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎበዝ ውሻ ፈልግልኝ አሉኝ። በዚያ ሰሞን ቦሪስ የሚባል ሮትዋይለር ነበረን። ሰው አጠገቡ ካለ በግ ነው፣ ብቻውን ሲሆን ግን ይጨነቃል።

ለጋሼ ኃይሉ ደውዬ መቼ ልምጣ ስላቸው፣ ቤቴን አታውቀውም እንዴ ብለው ሳቁ። አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ በልቼበታለሁ። ቤትህ ነው ያላሉኝን ጊዜ አላስታውስም፤ አሁን እስክሪብቶ ይዤ ውሻው የት ያድራል፣ ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል ብላቸው አላምንዎትም ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። የጉብኝቱ ቅጽ ላይ ቤቱ ታይቷል፣ ጥሩ ነው ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ማይብሪት ፊርማዬን አይታ ቦሪስን ሰጠች።

ጋሼ ኃይሉ ክፉ ሰው አይደሉም። ቦሪስን ዮርድብሩ አጥር ግቢያቸው ውስጥ በረጅም ሰንሰለት አሰሩት። ጭድ የተነጠፈበት ቤት ሠሩለት። በየቀኑ ከሱቃቸው ሥጋ እየወሰዱ ያበሉታል፣ ያወሩታል፣ ከዚያ በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ። በአገራችን ደንብ ከዚህ በላይ የተከበረ ውሻ የለም። እኔ የሄድኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ተጠርቼ። ቦሪስ ዕቃ ሊያራግፍ የገባ ሾፌርን ክንዱ ላይ ነክሶ አልለቅ ብሎ ነበር። ስደርስ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ተዘግቷል። ሰንሰለቱ የደረሰበት ድረስ መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል። እኔን ሲያይ ጅራቱን ቆላ። የሾፌሩ ሁለት ጣቶች ከዚያ በኋላ እንደልብ አልታዘዙለትም። ውሻው እንዲገደል ተወሰነ። መርፌውን ሲወጋ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር፣ አላስቸገረም።

በማግስቱ ቤቱን ለማየት አለመሄዴን ለማይብሪት ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችና የጻፍኩትን ሰርዤ ከሥሩ እውነቱን እንድጽፍ አደረገችኝ። ቤቱን አላየሁም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ውሻ እንዳልነካ ከለከለችኝ። የቤት ጉብኝቱን ሁሉ ግን እኔ እንድሄድ አዘዘችኝ፣ በአውቶቡስ፣ በበረዶ፣ አንድም ሳይቀር። የሰው ዓይን እያየሁ መጠየቅ የተማርኩት በዚያ ዓመት ነው።

ጋሼ ኃይሉ ዘንድ ለመሄድ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ሱቃቸው ውስጥ ከባንኮው ጀርባ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ በጣም አርጅተው ታዩኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ያገሬን ውሻ ነው" አሉኝ። "የት ነው የሚያስሩት ብለህ ብትጠይቀኝ ዮርድብሩ እልህ ነበር። አንተም አይሆንም ትለኝ ነበር።"

"ይቀየሙኛል ብዬ ነው ጋሼ።"

"አልቀየምህም ነበር" አሉኝ።

ይህን ቃል ለብዙ ዓመታት ተሸክሜ ኖርኩ። ሰው ሁሉ እንዲጠየቅ፣ ታላቅም ቢሆን፣ ካህንም ቢሆን እንዲጠየቅ አስተማርኩ። ሊዲያን ጭምር። ሊዲያ እዚሁ ያደገች፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ለታላቅ ሰው ቀና ብላ መናገር ይከብዳት ነበር። የማትጠይቂያቸው ሰው ካለ ውሻ አትስጫቸው እላት ነበር።

እስከዚህ የጻፍኩት ሊዲያ ከመምጣቷ በፊት ነው። መጥታ ሄዳለች።

ሐሙስ ጠዋት ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልናገር። ቀኝ ጉልበቴ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ቀዶ ሕክምና እየጠበቅኩ ነው፣ ደረጃ የምወርደው በምርኩዝ ነው። ምርኩዙን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ልብሴ ኋላ ደበቅኩት። ጥሩወርቅ ስደብቅ አይታኛለች።

ሊዲያ ገብታ ተቀመጠች፣ ወረቀቷን አወጣች። የት እንደምታድር፣ ስንት ሰዓት ብቻዋን እንደምትውል ጠየቀችኝ፣ በደንብ መለስኩ። ቀጥላ መጸዳጃ ቤት አስፈቀደች። እኔ ያስተማርኳት ስለሆነ ምን ልታደርግ እንደሄደች አውቃለሁ። ያኔ ትዝ አለኝ። ተቀምጬ የምታጠብበት ወንበር እዚያው ነበር፣ እጀታ ያለው፣ ለሽማግሌ የሚሰጠው።

ተመልሳ ስትቀመጥ ወረቀቱን አላየችም።

"ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

ደህና ነው አልኳት። ወደ ጥሩወርቅ ዞረች።

"እትዬ፣ ጋሼ ኦፔሬሽን ሲደረጉ ቶቫን እርስዎ ያወርዷታል?"

ጥሩወርቅ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ከውሻ ጋር ኖሬአለሁ፤ ገመድ ይዤ ግን አላውቅም። አሁን አልጀምርም" አለቻት።

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ቤቱ ሂስ የለውም፣ ያለው ትራፓ ብቻ ነው። ቶቫ ገና ሦስት ዓመቷ ነው" አለች፤ እዚህ ያደጉት ሊፍቱን ሂስ፣ ደረጃውን ትራፓ ነው የሚሉት። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። "አልሰጥዎትም።"

"ገመድ አያያዝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አልኳት።

"አዎ ጋሼ" አለችኝ። ዓይኖቿ ሞልተው ነበር።

ጥሩወርቅ ሳትበይ አትሄጂም ብላ ገበታ አቀረበች፣ ሦስታችንም በላን። በር ድረስ አልሸኘኋትም። ያን ቀን፣ ማግስቱንም፣ ተናድጄ ዋልኩ። ከእኔ በላይ ውሻ የሚያውቅ ማን አለ አልኩ። ትናንት የውሻ ኮሌታ ማሰር የማታውቅ ልጅ አልኩ። ጥሩወርቅንም አኮረፍኳት። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ስብሰለሰል ጋሼ ኃይሉ መጡብኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አልቀየምህም ነበር ያሉኝ እኔን ለማዳን ነው። ይቀየሙኝ ነበር። ምናልባት ዓመት ሙሉ አያናግሩኝም ነበር። እኔ ግን የጥያቄው ዋጋ እሱ መሆኑን ሳላውቅ፣ የሚከፈል ነገር የሌለ ይመስል ለሰው ሳስተምር ኖርኩ። ሊዲያ ከፈለችው፣ ያውም እያለቀሰች።

ሰኞ ደወለችልኝ። ስለ ሐሙሱ አላነሳችም። ቶቫን የምትፈልግ ኡላ የምትባል ሴት ዮርድብሩ አካባቢ እንዳለች፣ ሊዲያ ራሷ ሥራ ላይ ስለሆነች ቤቱን ሄጄ እንድመለከትላት ለመነችኝ።

"እኔ እንደምፈልጋት እያወቅሽ ነው የምትልኪኝ?" አልኳት።

"አውቃለሁ ጋሼ። እርስዎ ያዩትን ይጻፉልኝ" አለችኝ።

ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። የኡላ ቤት ምድር ላይ ነው፣ ከኋላው ጫካ አለ። ባሏ በሳምንት ሦስት ቀን ቤቱ ሆኖ ይሠራል። ሁሉንም ጠየቅኳት። ዝናብና ትኩሳት አንድ ላይ ቢመጣ ማን ያወጣታል ስላት፣ አምና በቀድሞ ውሻቸው ጊዜ ሁለቱም ታመው ጎረቤታቸው እንዳወጣችላቸው ነገረችኝና ጎረቤቲቱን በመስኮት ጠራቻት። መጸዳጃ ቤታቸውንም አየሁ፤ ሁለት የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ የቆሸሸ ፎጣ፣ ሌላ ምንም። የማድ ቤቱን ወለል ሳይ ልቤ ደስ አለው። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ነው፣ ቶቫ አትረግጠውም። ምክንያት አገኘሁ ብዬ ጠጋ ስል ግን ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ ጓሮው በር ድረስ ጠባብ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ኡላ የቶቫን ፍርሃት ሰምታ ባለፈው እሑድ ከባሏ ጋር እንዳነጠፉት ነገረችኝ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ወረቀቱን ደህነኛው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ወለሉ ያንሸራትታል ብዬ ብቻ ብጽፍ ይበቃ ነበር። ሊዲያ ታምነኛለች፣ ውሸትም አልነበረም። አንድ አውቶቡስ አለፈኝ። ሁለተኛው ከመምጣቱ በፊት ስለ ምንጣፉም ጻፍኩ፣ ይሰጣት አልኩና ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ጥሩወርቅ ምርኩዜን ተቀብላ ግድግዳው ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ አስደገፈችው።

"ቤቱ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ጥሩ ቤት ነው።"

"ከእኛ ይሻላል?"

"ይሻላል" አልኳት፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ እዚያው በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።